ትንሿ ጥይትና የጋራ መዝገባችን

(በናይሮቢ በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በመዝናኛና ስፖርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ መዝናኛ ክፍላችን አንድ ነገር እንድንናገር ሲጋብዘን፣ ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ወይም በየዓመቱ ወደ ናይቫሻ ስለምናደርገው ሽርሽር እንናገራለን ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ስለ እነዚያ በግድግዳው ላይ የተለጠፉት ፎቶግራፎች በቂ ይናገራሉ። እኛ የመረጥነው ግን አንድም ፎቶግራፍ የሌለውን ነገር ነው። ይኸውም አንዳንዶቻችሁ የምትወዱት፣ አንዳንዶቻችሁም ከልባችሁ የምትቃወሙት የኢላማ ተኩስ ነው። ፎቶግራፍ የሌለው ማንሣት ስለከለከልን ነው። ለምን እንደከለከልንም ወደ ኋላ እንናገራለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ነው። የሱቅ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የህንድ ተወላጅ ኬንያዊ ነጋዴ በከተማው ዳርቻ የሚገኝ ፈቃድ ያለው የተኩስ ክበብ አባል ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው ወደዚያ ይሄዳሉ። በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ አቢናቭ ቢንድራ የተባለው ህንዳዊ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ለህንድ የመጀመሪያውን የግል የወርቅ ሜዳሊያ ካመጣ ወዲህ፣ እኚህ ጎረቤታችን ወሬያቸው ሁሉ ኢላማ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን እየሳቁ፣ «እናንተ ኢትዮጵያውያን የጀግና ልጆች ነን ትላላችሁ፤ እስቲ ኑና ወረቀት ምቱ» አሉን።

አምስት ሆነን ሄድን። ከአምስታችን ሁለቱ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ናቸው። እንደ ሠርገኛ ደረታችንን ነፍተን ገባን። ስንወጣ ግን ከወረቀቱ ይልቅ ከኋላ ያለው የአፈር ክምር ብዙ ጥይት ጠጥቶ ነበር። ጎረቤታችን ምንም አላሉም፤ ሻይ ብቻ ጋበዙን። ያ ዝምታቸው ነው በሚቀጥለው ወር እንድንመለስ ያደረገን።

ክቡራንና ክቡራት፣ በአገራችን ጠመንጃና ጥይት ምን ያህል እንደሚከበሩ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጥንቱን ገበያ የሚያውቁ እንደሚናገሩት፣ ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጋር የወጅግራ ጥይትም እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ለልምምድ ብሎ መተኮስ ቅንጦት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን የወረስነው ስለ ተኩስ የሚወራውን ወሬ እንጂ ልምምዱን አይደለም። ሌላው የወረስነው ነገር በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ግን ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ይወርዳል። የት እንደሚወርድ ደግሞ ተኳሹ አያውቅም።

በክበቡ ያገኘነው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። አንደኛው የአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለውም፤ በታመቀ አየር ኃይል ምስር የምታክል፣ ስፋቷ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም ያህል የሆነች እርሳስ ይወረውራል። ርቀቱ 10 ሜትር ብቻ ነው። በወረቀቱ መሐል አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ቦታ ግን የግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ ነው፤ እስክሪብቶ ነካ ያደረገው ያህል ማለት ነው። በኦሊምፒክ የገባው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው።

ሁለተኛው «ሃያ ሁለት» የሚባለው ትንሹ ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ 5.6 ሚሊ ሜትር ይባላል። የእርሳሱ ክብደት 2.6 ግራም ገደማ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው የክላሽንኮቭ እርሳስ ወደ 8 ግራም ይጠጋል። የዚህ ዘር ረጅም ነው። በ1845 ፍሎበር የተባለ ፈረንሳዊ በአዳራሽ ውስጥ ለመዝናኛ የሚተኮስበት ትንሽ ጥይት ሠራ። በ1857 ስሚዝና ዌሰን የተባሉት አሜሪካውያን አሻሽለው ለሽጉጥ አዋሉት። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናየውን ያወጣው ደግሞ በ1887 ስቲቨንስ የተባለ የአሜሪካ ፋብሪካ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

ለምን ርካሽ ሆነ? ባለ ሱቅ ስለሆንን መጀመሪያ የጠየቅነው ይህን ነው። ባሩዱ ጥቂት ነው፤ እርሳሱም ትንሽ ነው። ትልቁ ጥይት ቂጡ መሐል ላይ ለብቻዋ የተሠራች አቀጣጣይ አለችው። ትንሿ ጥይት ግን የሚያቀጣጥለው ነገር በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ የተሞላ ነው፤ ጠመንጃው ጠርዙን ሲመታው ይፈነዳል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በብዛት ይመረታል፤ በብዛት የሚመረት ነገር ደግሞ ይረክሳል። አንድ ትልቅ ጥይት በሚገዛበት ገንዘብ ከእነዚህ ብዙ ይገዛል።

ርካሽ መሆኑ ዋና ነገር መሆኑን ታሪክም ይመሰክራል። እንግሊዞች ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦር ገበሬዎች ጋር ሲዋጉ፣ ገበሬዎቹ ተኩስ እንደሚያውቁ፣ የራሳቸው ወታደሮች ግን እንዳልሠለጠኑ በመራራ ሁኔታ ተማሩ። በ1901 በእንግሊዝ የሠራተኞች የተኩስ ክበቦች ማኅበር ተቋቋመ። ሎርድ ሮበርትስ የተባሉት ዝነኛ የጦር አዛዥ ትልቅ ደጋፊው ነበሩ። ሠራተኛው ሰፊ ሜዳና ውድ ጥይት ማግኘት ስለማይችል በትንሿ ጥይት፣ በአጭር ርቀት፣ በአዳራሽ ውስጥ ሳይቀር ተለማመደ። የጦር ሠራዊትና የመኳንንት የነበረው ጨዋታ በዚህ መንገድ ወደ ተራው ሰው ወረደ።

ወደ እኛ ልመለስ። በክበቡ እንግዶች ሆነን በዓመት አራት ጊዜ መሄድ ጀመርን። ጠመንጃውም ጥይቱም የክበቡ ነው፤ እኛ የራሳችን የለንም፣ እንዲኖረንም አልፈለግንም። የምንከፍለው የመግቢያ፣ የአሠልጣኝና የጥይት ዋጋ ነው፤ እርሱንም እንደ ዕቁብ እያዋጣን። የሚተኩሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ብቻ ነው። ቤተሰብ አብሮ ይመጣል፤ ልጆች ከመተኮሻው ርቀው ምሳ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ተኩስ ሲያበቃም ወረቀቱ ሲመጣላቸው ነጥብ ይደምራሉ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ የአባቱን ነጥብ ደምሮ «አባዬ፣ ከማሚ በአሥራ አንድ ታንሳለህ» ሲል መስማት ከሙሉ ቀን ሽርሽር ይበልጣል።

በነገራችን ላይ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፉት እናቶች ናቸው። ምክንያቱን አሠልጣኙ እንዲህ ሲሉ ነግረውናል፦ ወንዱ የሚያውቅ እየመሰለው ይመጣል፤ ሴቷ ግን የተነገራትን ትሠራለች። የሚነገረውም አጭር ነው። እግርህን አደላድለህ ቁም። ሰደፉን ትከሻህ ላይ አስደግፍ። አየር ሳብ፣ ግማሹን አስወጣ፣ ያዝ። ዓይንህ ኢላማውን ሳይሆን የፊት ማነጣጠሪያውን ይይ። ቃታውን አትንጠቀው፤ ሳታውቀው እስኪተኮስ ድረስ ቀስ ብለህ ሳበው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኛ ለነጋዴዎች ወዲያው የገባን ነው። ጀማሪ ሰው መሐሉን አንድ ጊዜ ቢመታ ይደሰታል። አሠልጣኙ ግን መሐሉን አያዩም፤ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ነው የሚያዩት። አምስቱም ጥይት ወደ ግራ ወርዶ አንድ ቦታ ከተሰበሰበ «ጎበዝ» ይላሉ። ይህ እንደ ሚዛን ነው። ሁልጊዜ ሃምሳ ግራም የሚያጎድል ሚዛን ይስተካከላል። ዛሬ ሃምሳ አጉድሎ ነገ ሠላሳ የሚጨምር ሚዛን ግን መጣል ነው ያለበት።

ገንዘብ የማይጠይቅ ልምምድም አለ። የአየር ሽጉጥ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ በውድድር ደንብ ከአንድ ኪሎ ተኩል መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ከሱቃችን የአንድ ኪሎ ስኳር እሽግ አንሥተን፣ ክንዳችንን ዘርግተን፣ ግድግዳ ላይ ያለች ነጥብ እያየን እስከ ሃያ እንቆጥራለን። ደንበኞቻችን ሲያዩን ገበያ ጠፍቶ ያበድን መስሏቸው ያውቃል። በወር ውስጥ ግን ክንድ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል። ስኳሩም ተመልሶ ይሸጣል።

ቀኝ እጃቸው በሕመም የደከመባቸው አንድ አባታችን «እኔስ ከተመልካች አልፍም» ሲሉ፣ የሃንጋሪውን ካሮይ ታካችን ታሪክ ነገርናቸው። ታካች ወታደርና ሽጉጥ ተኳሽ ነበር። በ1938 በልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን አጠፋበት። በግራ እጁ ከዜሮ ጀምሮ ተማረ። በ1948 በለንደን፣ በ1952 ደግሞ በሄልሲንኪ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። አባታችን ወርቅ ባይወስዱም በግራ እጃቸው እኛን ማሸነፍ ከጀመሩ ቆይተዋል።

እስካሁን የነገርናችሁ መልካሙን ነው። አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ።

በሴፕቴምበር 2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል የደረሰውን ጥቃት ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ በዚህ ከተማ የጠመንጃ ነገር ማንሣት የሚከብድ ሆነ። እኛም በራሳችን ፈቃድ ለስምንት ወር አቆምን። ፎቶግራፍ የከለከልነውም ያን ጊዜ ነው። የውጭ አገር ሰው ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ከእጁ ከወጣ በኋላ ማን ዘንድ እንደሚደርስና ምን ተብሎ እንደሚተረጎም አይታወቅም። እኛ በዚህ አገር የምንኖረው በመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለቤቱ ባለቤት ጨዋታ የሆነ ነገር ለእንግዳው ጣጣ ሊሆን ይችላል።

የኬንያ የጦር መሣሪያ ሕግ፣ ምዕራፍ 114 የሚባለው፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ጥይት መያዝንም ይከለክላል። በዲሴምበር 2018 መንግሥት ፈቃድ ያላቸው ሲቪሎች በሙሉ እንደገና እንዲመረመሩ ማዘዙንም ታስታውሳላችሁ። በአገራችንም በ2020 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። አንዲት ጥይት ምን ማለት እንደሆነች በራሳችን ላይ ስለደረሰ ነው።

በ2016 አንድ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሆነን ሄድን። ሁለት ፓኮ ጥይት ወሰድን፤ በፓኮው ሃምሳ፣ በድምሩ አንድ መቶ። ለእያንዳንዱ ስምንት ስምንት ደረሰው፣ ዘጠና ስድስት ሆነ። የተረፉትን አራት ለክበቡ መለስን። ሂሳቡ የተዘጋ መሰለን። አልተዘጋም ነበር።

ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ፣ የ19 ዓመት ወጣት፣ ስምንተኛ ጥይቱ ከሸፈችበት። ቃታ ሳበ፣ ጠቅ አለ፣ አልተተኮሰም። ትንሿ ጥይት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። ደንቡ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጉ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያ ለአሠልጣኙ መንገር ነው። ልጁ ጠበቀ፤ አልተናገረም። አወጣትና «የሞተች ናት» ብሎ ለማስታወሻ ኪሱ ከተታት። እኛ ከጎኑ ቆመን እየተሳሳቅን የማን ነጥብ እንደበለጠ እንከራከር ነበር።

ማክሰኞ ማታ የልጁ እናት ደወለች። ልጁ ሐሙስ ጠዋት አያቱን ሊጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ጠርዟ ላይ የተወጋች፣ እርሳሷ ያልወጣ ጥይት አገኘች። «ይህቺ ምንድን ናት?» አለችን። ድምፅዋ አሁንም ጆሮአችን ላይ አለ።

የከሸፈች ጥይት የሞተች ጥይት አይደለችም። ጠርዟ ሌላ ቦታ ላይ ቢመታ ልትፈነዳ ትችላለች። በሕግ ፊት ደግሞ ጥይት ጥይት ነው። እናትየው ሱሪውን ሳትፈትሽ ብታጥፈው ኖሮ፣ ልጁ ያቺን ይዞ የአውሮፕላን ማረፊያው መፈተሻ ዘንድ ይደርስ ነበር። ከዚያ በኋላ «አላወቅሁም» ማለት ምን ያህል እንደሚረዳ ለእናንተ እንተወዋለን።

እኛም ልናነሣት አልደፈርንም፤ ይዘናት ብንሄድ ያው ጥፋት ነው። ጎረቤታችንን ጠራን፤ እርሳቸውም ለክበቡ ኃላፊ ደወሉ። ከእሳትና ከልጆች ርቃ ባለችበት እንድትቆይ ተነገረን። በዚያው ሌሊት ፈቃድ ያለው ሰው መጥቶ ወሰዳት። ክበቡ ወቀሰን፤ ወቀሳው ትክክል ነበር። ልጁም በሰላም ሄዶ በሰላም ተመለሰ። ጥፋቱ ግን የልጁ ብቻ አልነበረም። ሱቅ ውስጥ አሥር ሽልንግ ሲጎድል እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች፣ ጥይት ስንቆጥር የቆጠርነው የሰጠነውን እንጂ የተተኮሰውን አልነበረም።

ነገሩን ደብቀን ማለፍ እንችል ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ አቀረብነው። ያ ስብሰባ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት እንደዘለቀ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከእናቶቻችን አንዷ ተነሥተው የተናገሩትን ከዚያ ወዲህ አልረሳነውም። «እኔ ያንን ድምፅ ሸሽቼ በሞያሌ በኩል በእግሬ መጣሁ። ልጆቻችን ገንዘብ ከፍለው ሊሰሙት ይሄዳሉ?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም። ጦርነት ያየ ሰው ለምን እንደሚጠላው ማስረዳት አይጠበቅበትም።

አንድ ዓመት ሙሉ አቆምን። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የነበረብንን ከተቃጠለ በኋላ አልን። በዓመቱ ጉዳዩ እንደገና ቀረበና በጥቂት ድምፅ ብልጫ እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ግን በደንብ። ደንቡ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ማንኛውም ጠመንጃ የጎረሰ ነው ብለን እንይዛለን፤ ባዶ መሆኑን ብናውቅም። አፈሙዙ ከኢላማው ሌላ ወደ የትም አይዞርም። ጣት ወደ ቃታ የሚገባው ለመተኮስ ሲወሰን ብቻ ነው። «ተኩስ አቁም» ሲባል ሁሉም እጁን ያነሣል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ሰው በአየር ጠመንጃ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ ሃያ ሁለቱን አይነካም። ይህ ወጪም ያድናል፤ የአየር ጠመንጃ እርሳስ በጣሳ አምስት መቶ ሆኖ ስለሚገዛ ለሁሉም ይዳረሳል። የአየር ጠመንጃም ቢሆን ግን መጫወቻ አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል። የሃያ ሁለቷ ጥይት ደግሞ የሚያቆማት ካላገኘች ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች። ስለዚህ ከኋላ የአፈር ክምር በሌለበት አይተኮስም።

ሦስተኛ፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ የሌለው ሰው ወደ መስመሩ አይጠጋም። ድምፁ ትንሽ ቢመስልም ጆሮ ይጎዳል።

አራተኛ፣ እርሳስ መርዝ ነው። በእጃችን፣ በልብሳችንም ላይ ይቀራል። በመተኮሻው አካባቢ አይበላም፣ አይጠጣም። ከምሳ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። እርጉዞችና ሕፃናት ጨርሶ አይቀርቡም። የተኮስንበትን ልብስ ከሕፃን ልብስ ጋር አናጥብም።

አምስተኛውና ዋናው መዝገቡ ነው። አምስት ዓምድ አለው። የወጣ፣ የተተኮሰ፣ የከሸፈ፣ የተመለሰ፣ ልዩነት። የተተኮሰው የሚታወቀው በሰው ቃል ሳይሆን በቀለህ ነው። ቀለሁ አንድ በአንድ ይለቀማል፣ ይቆጠራል። የመጨረሻው ዓምድ ዜሮ ካልሆነ ማንም ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ እንግዳም ቢሆን፣ ከሜዳው አይወጣም። ኪስም ይፈተሻል። የኮሚቴው ሰዎች ኪስ መጀመሪያ ይፈተሻል።

አንድ ጊዜ አንዲት ቀለህ ጎደለች። ሁለት ሰዓት ሣር ለሣር በጉልበታችን ሄድን። ምሳው ቀዘቀዘ፣ ልጆች አለቀሱ፣ «እባካችሁ ባዶ ቀለህ አይደለች እንዴ፣ እንሂድ» ያለም ነበር። አልሄድንም። በመጨረሻ ከአንዲት እህታችን ሹራብ ኮፍያ ውስጥ ተገኘች፤ ከጠመንጃው ስትወጣ ተወርውራ እዚያ ገብታ ኖሯል። የዚያን ቀን ነው ማኅበራችን ማኅበር መሆኑን ያየነው። አሥራ ስድስት ሰው ለአንዲት ባዶ ቀለህ ሁለት ሰዓት ተንበርክኮ ፈለገ፤ የፈለገውም ዋጋ ስላላት ሳይሆን እርስ በርስ ቃል ስለተገባባ ነው።

እነዚያ እናታችን ሐሳባቸውን አልለወጡም። ወደ ሜዳው አንድም ቀን አልመጡም። ግን በየጠቅላላ ጉባኤው መዝገቡን ይጠይቃሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ይወርዱና «ደግ» ብለው ይመልሱልናል። ከክበቡ አሠልጣኝ ይልቅ የምንፈራው የእርሳቸውን ጣት ነው። እርሳቸው ባይቃወሙን ኖሮ ይህ መዝገብ አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ በዚህ በዓል ላይ በይፋ ልናመሰግናቸው እንወዳለን።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣ ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ርካሽ ማለት ቀላል ማለት አይደለም። ትንሿ ጥይት ዋጋዋ ስለቀነሰ ኃላፊነቷ አልቀነሰም። እንዲያውም ውድ የሆነውን ማንም ይጠብቃል፤ ሰው የሚታወቀው በርካሹ ላይ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶቻችን። እኛን ሊቀደን የነበረው አያያዛችን ነው፤ ያዳነንም አያያዛችንን ማስተካከላችን ነው።

ነገ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የኢላማው መርሐ ግብር ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው በአጀንዳ ተይዟል። የኮሚቴያችን ሐሳብ ሦስት ነው። ከቀጠለ፣ ጀማሪዎች በአየር ጠመንጃ ብቻ ይለማመዱ፤ ሃያ ሁለቱ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ይሁን። መዝገቡን የሚይዙት ከእንግዲህ ወጣቶቹ ይሁኑ፤ ያ ጥይቷን ኪሱ የከተተው ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ መዝገቡን ለመያዝም ራሱ ጠይቋል። ከቆመም፣ ያለ ቅሬታ ይቁም፤ መዝገቡ ግን ለማኅበሩ ልጆች ማስተማሪያ ሆኖ ይቀመጥ።

አንድ አደራ ደግሞ አለን። ለበዓልም ሆነ ለሠርግ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ፣ ዘመድ ወዳጅ በደስታ ወደ ሰማይ ሊተኩስ ሲነሣ ብታዩ፣ እጁን ይዛችሁ «እኛ ዘንድ ቀለህ ይቆጠራል» በሉት። ይስቅባችኋል። ይሳቅ። ያች ጥይት ሳትተኮስ ከቀረች በቂ ነው።

ይህን ማኅበር ለ25 ዓመት ላቆሙት አባቶችና እናቶች ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለዚህች ላስጠጋችን አገር ሰላም፣ ለአገራችንም ሰላም ያውርድልን። ለወርቅ ኢዮቤልዩው በሰላም ያድርሰን።